ልጄ በጁኮ (በሁለት ዓመት ኮሌጅ) ቅርጫት ኳስ መጫወት ይፈልጋል፣ ምልመላው ከየት ይጀመራል?

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ኑሯችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 12ኛ ክፍል ደርሷል፤ ቅርጫት ኳስ ነፍሱ ነው። ፖይንት ጋርድ (ጨዋታ አቀናባሪ) ነው፣ ቁመቱ 6 ጫማ ከ1 ኢንች፣ በትምህርት ቤቱ ቡድን ቋሚ ተሰላፊ። ሰመር ላይ ደግሞ ከኤኤዩ (ከትምህርት ቤት ውጭ ያለ የወጣቶች ውድድር) ቡድን ጋር ይዞራል። ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ግን እስካሁን አንድ ደብዳቤ እንኳ አልመጣለትም። አሰልጣኙ ሰሞኑን ጠርተው “ጁኮን በደንብ አስቡበት” አሉኝ። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ እንዴት እንደሚገባበት ግን የማውቀው ነገር የለም። እናቱ “እዚሁ ቤቱ እየኖረ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ይማር፣ ኳስ እንጀራ አይሆነውም” ትላለች። እሱ ደግሞ ቴክሳስም ይሁን ካንሳስ እሄዳለሁ ባይ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ድርጅት ደወለልኝ። የልጄን ፕሮፋይል ለብዙ መቶ አሰልጣኞች እንልካለን ብለው ከ2,000 ዶላር በላይ ጠየቁኝ። ልክፈል? ጂፒኤው 2.6 ነው። የምታውቁ ሰዎች እስቲ አስረዱኝ።

ዌስት ቴክሳስ የተጫወተው

ጋሼ፣ ገንዘቡን አይክፈሉ። እኔ ዌስት ቴክሳስ ውስጥ ጁኮ ተጫውቼ ነው ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ የተሻገርኩት። ከቡድን ጓደኞቼ መሀል ለእንዲህ ያለ ድርጅት ከፍሎ የመጣ አላየሁም። ጁኮ ውስጥ ያለው ዋና አሰልጣኝና አንድ ሁለት ረዳት ነው፤ ኢሜይላቸውም በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። ልጅዎ ራሱ ይጻፍላቸው። በጅምላ የመጣ ፕሮፋይል ሳይከፈት ነው የሚጠፋው። “ጨዋታችሁን አይቻለሁ፣ ሁለቱ ጋርዶቻችሁ ዘንድሮ ይጨርሳሉ፣ እኔ ፖይንት ጋርድ ነኝ፣ ቪዲዮዬ ይኸው” የሚል አጭር መልዕክት ግን ይነበባል። ለረዳቱም ይላክ፤ የምልመላውን ሥራ በብዛት የሚሠራው እሱ ነው።

ቪዲዮው ከሦስት አራት ደቂቃ አይለፍ። ምርጡን መጀመሪያ ላይ ያድርገው፣ ምክንያቱም አሰልጣኙ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ካልሳበው ወደ ሌላ ያልፋል። የትኛው ልጅ እንደሆነ በክብ ወይም በቀስት ያመልክት። ዳንክና ሦስት ነጥብ ብቻ አይደርድርበት። ፖይንት ጋርድ ከሆነ ሲያቀብል ይታይ፣ ፒክ ኤንድ ሮል ላይ (ጓደኛው ተከላካዩን ሲጋርድለት) ሲወስን ይታይ፣ ሲከላከል ይታይ፣ ኳስ ከጠፋበት በኋላ ተመልሶ ሲሮጥ ይታይ። ከሥሩ የሁለት ሙሉ ጨዋታ ሊንክ ያስቀምጥ። ከወደዱት ወዲያው የሚጠይቁት ሙሉውን ጨዋታ ነው፤ ሃይላይት የሳተውን ኳስ አያሳያቸውም።

ጊዜውም አላለፈም። ጁኮ ላይ ተጫዋች በአብዛኛው ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይም፣ ስለዚህ በየዓመቱ የቡድኑ ግማሽ ያህል ይቀየራል። አሰልጣኞቹ ማርች ላይ ውድድሩ ሲያልቅ ነው ክፍት ቦታቸውን በትክክል የሚያውቁት። ኤፕሪልና ሜይ ዋናው ገበያ ነው፣ ጁላይ ላይ እንኳ ቦታ ያገኙ ልጆች አውቃለሁ።

ደግሞም ደብዳቤ አለመምጣቱ ልጁ አይችልም ማለት አይደለም። የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች አሁን ከ12ኛ ክፍል ልጅ ይልቅ ከትራንስፈር ፖርታል (ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ከሚመዘገቡበት) የበሰለ፣ የ21 እና የ22 ዓመት ተጫዋች መውሰድ ይመርጣሉ። ድሮ በቀጥታ ይገቡ የነበሩ ልጆች ናቸው ዛሬ ጁኮ ላይ የምናያቸው። ይህንን ለልጁም ይንገሩት፣ ቅስሙ እንዳይሰበር።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትልቅ ሸክም ነው ያቀለልክልኝ። ስኮላርሺፕ ግን ይሰጣሉ? ወይስ ከኪሴ ነው? ሁሉም ጁኮ አንድ ዓይነት ነው?

የኮሌጅ አማካሪ

እኔ በማኅበረሰብ ኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ትንሽ ላብራራ።

አብዛኞቹ ጁኮዎች ያሉበት ማኅበር ኤንጄሲኤኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1938 የተመሠረተ ሲሆን ከ500 በላይ ኮሌጆች አሉበት። በቅርጫት ኳስ ሦስት ዲቪዥን አለው። ዲቪዥን 1 ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል፤ የትምህርት ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ ዶርም፣ ምግብ። ዲቪዥን 2 የትምህርት ክፍያና መጽሐፍ ሊሸፍን ይችላል፣ ዶርምና ምግብ ግን በስፖርት ስኮላርሺፕ መክፈል አይፈቀድለትም። ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም። “መስጠት ይችላል” ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ዲቪዥን 1 የሆነ ኮሌጅ ሁሉ ለሁሉም ተጫዋች ሙሉ ይከፍላል ማለት አይደለም፤ በጀቱ የማይፈቅድለት ብዙ አለ። አሰልጣኙ “ስኮላርሺፕ እንሰጥሃለን” ሲል የቱን የቱን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይጠይቁ። የሚፈረመው የቃል ኪዳን ደብዳቤ ለአንድ የትምህርት ዓመት ነው፤ በሁለተኛው ዓመት እንደገና ይታያል።

ዲቪዥን 3 ሲባል ደግሞ አይናቁት። ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) ይሙሉ፣ ዛሬውኑ። ዜጋ ከሆናችሁ፣ ግሪን ካርድ ካላችሁ፣ ወይም ስደተኝነታችሁ የጸደቀ ከሆነ ልጁ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ሊያገኝ ይችላል። ከፍተኛው ለ2025-26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። ቤቱ እየኖረ በአካባቢው ኮሌጅ ለሚማር ልጅ ክፍያውን ሸፍኖ ሊተርፍ ይችላል። ሜሪላንድ ደግሞ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ፕሮሚስ ስኮላርሺፕ የሚባል አላት። ብዙ የኛ ቤተሰቦች “እኛ ሥራ አለን፣ አይሰጡንም” ብለው ሳይሞሉ ይቀራሉ። ይሙሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጂፒኤው 2.6 ነው ብለዋል። ያ አጠቃላዩ ነው። የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ በዲቪዥን 1 የሚያየው 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ እና የመሳሰሉትን። በነሱ 2.3 ያስፈልገዋል። ከ16ቱ 10ሩ ደግሞ ከ12ኛ ክፍል በፊት ያለቁ መሆን አለባቸው። ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ከ2023 ጀምሮ አይጠየቅም። ይህንን ያሟላ ልጅ ጁኮ ሄዶ በቂ ክሬዲት ይዞ በ2.5 ጂፒኤ ከአንድ ዓመት በኋላም መሻገር ይችላል። ያላሟላ ልጅ ግን መጀመሪያ ከጁኮው መመረቅ አለበት፤ በዚያ ላይ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የሳይንስ ክሬዲት ተቆጥሮ ይጠየቃል። በሁለቱ መሀል ሰፊ ልዩነት አለ። ስለዚህ ነገ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ይጠይቁ፦ “ልጄ በዋናዎቹ 16 ትምህርቶች ስንት አለው?” ጁኮ መግባቱ ራሱ ብዙ አይጠይቅም፣ ሃይ ስኩል መጨረስ ወይም ጂኢዲ (ሃይ ስኩልን የሚተካ ፈተና) ይበቃል። የሚያስቸግረው መውጫው ነው።

ትምህርት ይቅደም

ወንድሜ፣ እኔ የባለቤትህን ሐሳብ ነው የምደግፈው። ልጆቻችን ኳስ ኳስ ሲሉ ዕድሜያቸው ያልፋል። ስንቱን አይቻለሁ። እዚህ ሀገር የመጣነው ኳስ ልናጫውት አይደለም። ካንሳስ ሜዳ መሀል ብቻውን ወስደህ ከምትጥለው ነርስ ወይም ኢንጂነር ቢሆን አይሻልም? እዚሁ ይማርና ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት።

እህት ከሲያትል

ወንድሜ “ትምህርት ይቅደም”፣ ስጋትህ ይገባኛል፣ እኔም እናት ነኝ። ግን ኳሱና ትምህርቱ እንደ ባላንጣ ሊታዩ አይገባም። የኔ ልጅ እዚህ ሲያትል አካባቢ ባለ ኮሌጅ ትጫወታለች። ኳስ ባይኖር ኖሮ ጠዋት ክፍል መግባቷን እጠራጠራለሁ። ተጫዋች ሙሉ ጊዜ መማር አለበት፣ በየኳርተሩ (በየሩብ ዓመቱ የትምህርት ወቅት) 12 ክሬዲት። ውጤቱ ከወረደ አይሰለፍም። ምሽት ላይ የጥናት ክፍል አለ፣ አሰልጣኟ ራሷ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። እኔ በሁለት ፈረቃ እየሠራሁ ይህንን ልቆጣጠርላት አልችልም ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ።

እዚህ ዋሽንግተንና ኦሪገን ያሉት ኮሌጆች፣ እነ ሃይላይን፣ ኤድመንድስ፣ ቤልቪው፣ ኤንጄሲኤኤ ውስጥ አይደሉም። የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ ኖርዝዌስት አትሌቲክ ኮንፈረንስ ይባላል። የሚሰጡት ድጋፍ ውስን ነው፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አትጠብቁ። ግን ልጅ ከቤቷ እየበላች ትማራለች፣ እሁድም ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን።

ሴት ልጆች ያሏችሁም ይህንን መንገድ አትናቁ። ታዋቂዋ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሼሪል ስዎፕስ የጀመረችው እኮ ቴክሳስ ሌቨልላንድ ውስጥ ባለ ሳውዝ ፕሌንስ በሚባል ጁኮ ነው። ከዚያ ወደ ቴክሳስ ቴክ ሄዳ በ1993 የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ብቻዋን 47 ነጥብ አስቆጥራ ዋንጫውን ወሰዱ።

አንድ ምክር ልጨምር፣ በተለይ ለወላጆች። ከአሰልጣኝ ጋር ልጁ ራሱ ያውራ። እኛ የለመድነው ለልጆቻችን ሁሉንም ነገር መናገር ነው፣ ሐኪም ቤትም፣ ትምህርት ቤትም። እዚህ ላይ ግን አሰልጣኙ የሚፈልገው የልጁን ድምፅ መስማት ነው። ልጄ መጀመሪያ ስልክ ማንሳት ትፈራ ነበር። የምትጠይቀውን በወረቀት ጻፈችና ደወለች፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አትፈራም።

ዌስት ቴክሳስ የተጫወተው

እህት ከሲያትል በጣም ትክክል ነሽ።

ጋሼ፣ እናንተ ሰፈር ቅርብ ያለ ምሳሌ ልስጥዎት። የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ስቲቭ ፍራንሲስ የታኮማ ፓርክ ልጅ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በእግር የሚደረስ ነው። መጀመሪያ ቴክሳስ ሳን ጃሲንቶ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ እዚያው ሜሪላንድ ከምበርላንድ ውስጥ አሌጌኒ ኮሌጅ ተጫወተ። ሁለቱም ጁኮ ናቸው። ከዚያ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1999 የኤንቢኤ ድራፍት (የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ። የኤንቢኤው ጂሚ በትለርም ከሃይ ስኩል ሲወጣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልፈለጉትም፤ ታይለር ጁኒየር ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያ ማርኬት ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ደግሞ ቺካጎ ቡልስ በ30ኛ ደረጃ መረጠው። ልጅዎ ኤንቢኤ ይገባል እያልኩ አይደለም፤ እዚያ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፣ ለልጁም ይህንኑ ይንገሩት። ግን ጁኮ የተጣለ ልጅ የሚከማችበት ቦታ አይደለም። እኔ ኤንቢኤ አልገባሁም። ሁለት ዓመት ጁኮ፣ ሁለት ዓመት ትንሽ ዩኒቨርሲቲ፣ ዲግሪዬን ያለ ዕዳ ይዤ ወጣሁ። በአካውንቲንግ እሠራለሁ።

የሩቁን ሕይወት ግን እንደ ሽርሽር አይቁጠሩት። ዌስት ቴክሳስና ካንሳስ ያሉት ከተሞች ትንንሽ ናቸው። እንጀራ የለም፣ ሐበሻ የለም፣ አውቶቡስም የለም። ለጨዋታ አምስት ስድስት ሰዓት በመኪና ይኬዳል፣ ሌሊት ይደረሳል፣ ጠዋት ክፍል ይገባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ዋናው የክልል ውድድር ነው። እኔ ጾሜ ነበርና ከአሰልጣኙ ጋር አስቀድሜ ተነጋገርኩ፤ ካፌቴሪያው ባቄላና ሩዝ ያዘጋጅልኝ ነበር። ካልተናገሩ ማንም አይጠይቅም። በሌላ በኩል ደግሞ ከተማው በሙሉ ጨዋታ ሊያይ ይወጣል። ሀቺንሰን ካንሳስ ላይ ከ1949 ጀምሮ የዲቪዥን 1 ወንዶች ብሔራዊ ውድድር ይካሄዳል፣ ማርች ላይ። አሰልጣኝና መልማይ ሁሉ ለሳምንት እዚያ ይከትማል።

ለአሰልጣኙ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፣ ከሁሉም በላይ፦ “ያለፈው ዓመት ሁለተኛ ዓመት ተጫዋቾችህ አሁን የት ናቸው?” በስም ይዘርዝር። ስንቱ ተመረቀ፣ ስንቱ ወደ አራት ዓመት ተሻገረ፣ የት ገባ? ጥሩ አሰልጣኝ ሳያስብ ይዘረዝረዋል፣ የሚኮራበት ነገር ስለሆነ። ስለ አዲሱ ጂምና ስለ ጫማው ብቻ የሚያወራ ካለ ይጠንቀቁት። ሁለተኛ፣ በፖይንት ጋርድ ቦታ ስንት ልጅ እያስፈረመ እንደሆነ ይጠይቁ። ለአንድ ቦታ አራት አምስት ልጅ ሰብስበው ከገና በኋላ የሚበትኑ አሉ።

ኦክላንድ ነዋሪ

ካሊፎርኒያ ላላችሁ ልጨምር። እዚህ ያሉት የማኅበረሰብ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ ፈጽሞ አይሰጡም፣ ማኅበራቸውም የተለየ ነው። ከአካባቢያቸው ውጭ ያለን ልጅ ደግሞ አሰልጣኙ ቀድሞ ማነጋገር አይፈቀድለትም፤ ልጁ ቀድሞ መጻፍ አለበት። “አልደወሉልኝም” ብሎ የሚጠብቅ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። ለነዋሪ ክፍያው በዩኒት (በክሬዲት) 46 ዶላር ነው። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ግን ብዙ እጥፍ ነው፣ ሒሳቡን ሠርታችሁ ግቡ።

ከአዲስ አበባ

ሰላም። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ 19 ዓመቴ፣ 6 ጫማ ከ7 ነኝ። አንድ ሰው በቴሌግራም “የጁኮ አሰልጣኝ ነኝ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ተፈቅዶልሃል፣ ለአይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው የኮሌጅ ሰነድ) ማስያዣ 600 ዶላር ላክ” አለኝ። ቤተሰቤ ገንዘቡን እየሰበሰበ ነው። እውነት ይሆን?

የኮሌጅ አማካሪ

ወንድሜ፣ አትላክ። ቤተሰብህን አሁኑኑ አስቁማቸው።

አይ-20 የሚያወጣው የኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው፣ አሰልጣኝ አይደለም። የሚወጣውም ለኮሌጁ አመልክተህ ከተቀበሉህ በኋላ ነው። ሴቪስ የሚባል (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) 350 ዶላር ክፍያ አለ፤ እሱን አይ-20ው እጅህ ከገባ በኋላ አንተ ራስህ በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ትከፍላለህ። የቪዛውም ክፍያ እንደዚሁ፣ ለኤምባሲው እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ሰውየው እውነተኛ መሆኑን ለማየት የኮሌጁን ድረ ገጽ ክፈት፣ እዚያ ባለው ኢሜይል ጻፍና “ይህ ሰው የእናንተ ነው ወይ?” በል። የኮሌጅ አሰልጣኝ በኮሌጁ ኢሜይል ነው የሚጽፈው።

ዕድሉ ራሱ ግን እውነት ነው። ከአፍሪካ መጥተው ጁኮ የሚጫወቱ ብዙ ልጆች አሉ፣ በዚህ ቁመት ደግሞ ቪዲዮህን የሚያይ ታገኛለህ። አንተ ፔል ግራንት ስለማታገኝ የጁኮ ዲቪዥን 1 ላይ ብታተኩር ይሻላል፤ ስኮላርሺፑ በሰፋ ቁጥር ለአይ-20ው በባንክ የምታሳየው ገንዘብ ይቀንሳል። የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕትህን አዘጋጅ። የእንግሊዝኛ ፈተና የሚጠይቁም አሉ።

ከአዲስ አበባ

እግዜር ይስጥልኝ። ለኮሌጁ ጻፍኩ፣ ሰውየውን አናውቀውም አሉ። እውነተኛው ረዳት አሰልጣኝ ግን ቪዲዮ ላክ ብሎኛል።

ትምህርት ይቅደም

የዚህ ልጅ ነገር አስደሰተኝ። ስለ ዲግሪውና ስለ ጥናት ክፍሉ የተባለውንም ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ይመለስልኝ። ሁለቱ ዓመት ቢጠፋስ? ክሬዲቱ ባይቆጠርስ?

የኮሌጅ አማካሪ

ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፣ ይኼ በብዙ ልጆች ላይ ይደርሳል። ስሙን የማልጠራው አንድ ኮሌጅ አንድን የማውቀውን ልጅ ሰውነት ማጎልመሻና ዝግጅት ሒሳብ (ከኮሌጅ ደረጃ በታች ያለ) እየደራረበ እንዲጫወት ብቻ አደረገው። ዩኒቨርሲቲው ሲያየው ግማሹ አልተቆጠረም። መከላከያው ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ልጁ ሊሻገርባቸው የሚያስባቸውን ሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ይምረጥ፣ የእያንዳንዱን የክሬዲት ዝውውር ሠንጠረዥ ይመልከት፣ ከዚያ ነው ትምህርት የሚመዘግበው። የአትሌቲክስ ክፍሉ ሰው የመረጠለትን ዝም ብሎ አይውሰድ።

ደግሞ አንዳንድ ወላጆች “ጁኮ የተጫወተበት ዓመት ኤንሲኤኤ ከሚፈቅደው የመጫወቻ ዓመታት አይቆጠርም ተብሏል” ሲሉ እሰማለሁ። በዲሴምበር 2024 ዲየጎ ፓቪያ የተባለ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ቴኔሲ ውስጥ ከፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ አግኝቶ፣ ኤንሲኤኤ ለ2025-26 ለአንዳንድ የጁኮ ተጫዋቾች ተጨማሪ ዓመት ፈቅዷል። ያ የዚያን ዓመት ጉዳይ ነው። በሱ ላይ እቅድ አትሥሩ።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካውንስለሯን ጠየቅናት፣ በ16ቱ ትምህርቶች 2.4 አለው፣ አንድ ሳይንስ ብቻ ይቀረዋል። እናቱም ያንን ስትሰማ ትንሽ ለዘብ ብላለች። ልጁ ኢሜይሎቹን ራሱ ጻፈ፤ ከሦስት ኮሌጅ መልስ መጣ። አንደኛው ፔንሲልቬኒያ ያለ ዲቪዥን 2 ነው፣ ቅዳሜ ኑና እዩን ብሏል። እኔ ስሄድ ምን ልበል?

ዌስት ቴክሳስ የተጫወተው

ጋሼ፣ ስለ ኳሱ ልጁ ይጠይቅ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ማደሪያው እርስዎ ይጠይቁ። እናቱም አብራችሁ ትሂድ፣ የሚያድርበትን ክፍል በዓይኗ ትይ። ልምምድ እንድታዩ ከፈቀዱ አሰልጣኙ ልጅ ሲሳሳት እንዴት እንደሚናገረው ይመልከቱ። ከተጫዋቾቹ አንዱን ለብቻው አግኝታችሁ “ጥናት ክፍል በእውነት ይኬዳል?” በሉት። እዚያው አትፈርሙ፤ ቢያጣድፏችሁ እንኳ ቤት ገብታችሁ ተመካከሩ።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት

እሺ። ዲቪዥን 2 ስለሆነ ዶርሙን በስኮላርሺፕ እንደማይከፍሉ ገብቶኛል። የቤት ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ልጅ በአንድ ቤት እንደሚኖር፣ ከፔል ግራንቱ ምን ያህል እንደሚተርፍ እጠይቃለሁ። ያለፈው ዓመት ልጆች የት እንደገቡም ልጁ ጽፎ ይዟል። ስንመለስ የነገሩንን እዚሁ እጽፋለሁ።